ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የት ይገባሉ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ከማርች እስከ ጁን ያሉት ወራት ቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት የሚሽከረከር አውዳሚ አውሎ ነፋስ)፣ በረዶና ደራሽ ጎርፍ የሚበረቱባቸው ናቸው። በአገር ቤት ደግሞ በልግ ነው፤ ዝናቡ መብረቅ ይዞ ይመጣል። በዚህ ዕትም ወቅቱን የተመለከቱ ደብዳቤዎችን በአንድነት አቅርበናል። አብዛኞቹ ማስጠንቀቂያውን እንዴት መስማት እንደሚቻል ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠን ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ስለሆነ፣ የሚገባበት ቦታ አስቀድሞ ያልመረጠ ሰው ቢሰማም በመስማቱ ብቻ አይድንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ፣ የአፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ የሚባል ነገር የለም። ስልኬ አንዳንዴ “ቶርኔዶ ዋች”፣ አንዳንዴ “ቶርኔዶ ዋርኒንግ” ይላል። ባለቤቴ ሁልጊዜ “ልጆቹን ይዘን በመኪና እንሽሽ” ይላል። የቱን እናድርግ? — የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ በመኪና መሸሹን ይተዉት። ጋርላንድ ራሷ የታየባት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ማታ የመጣው ቶርኔዶ ኢንተርስቴት 30 ከጆርጅ ቡሽ ተርንፓይክ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲያልፍ ከሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። በ2013 ሜይ 31 ኤል ሬኖ፣ ኦክላሆማ በወረደው ጊዜም ከኦክላሆማ ሲቲ በመኪና ለመሸሽ የወጣው ሕዝብ መንገዱን ዘግቶ እዚያው ማዕበሉ ሥር ቆሞ ቀርቷል። ቶርኔዶ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ በዝናብ ተሸፍኖም ይመጣል፤ የመኪና መስኮት ደግሞ የሚበር እንጨትና ቆርቆሮ አይመልስም።

“ዋች” የሚወጣው ኖርማን፣ ኦክላሆማ ካለው የማዕበል ትንበያ ማዕከል ነው። ብዙ ካውንቲዎችን (የግዛት አውራጃዎችን) ይሸፍናል፣ ለበርካታ ሰዓታት ይቆያል፤ አየሩ ቶርኔዶ ለመፍጠር ተዘጋጅቷል፣ ነቅታችሁ ጠብቁ ይላል። “ዋርኒንግ” የሚወጣው ከአካባቢያችሁ የአየር ትንበያ ቢሮ፣ ማለትም ከፎርት ወርዝ ሲሆን፣ ቶርኔዶው በዓይን ታይቷል ወይም ራዳር ላይ የሚሽከረከር ነፋስ ተገኝቷል ማለት ነው። የሚሸፍነው የካውንቲውን ቁራጭ ነው። ከዋርኒንጉ በኋላ ያለው ጊዜ በአማካይ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሚያንስበት፣ ጨርሶ የማይኖርበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚያልቀው በዋቹ ሰዓት ነው። ስልኮቹን ቻርጅ ያድርጉ። ለሁላችሁም ጫማ አድርጉ፤ ከቶርኔዶ በኋላ ብዙ ሰው የሚጎዳው የተሰበረ መስታወትና ምስማር በባዶ እግሩ ረግጦ ነው። የልጆቹን የብስክሌት ሄልሜት ከጓዳ አውጥተው በር አጠገብ ያስቀምጡ። ትንሹ ልጅ ገና በክንድ የሚታቀፍ ከሆነ የመኪና ወንበሩ ላይ ታስሮ ቢቀመጥ ከእጅ አይፈለቀቅም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ። በቴክሳስ የብዙ አፓርትመንቶች ደረጃ ከውጭ በኩል ክፍት ነው፤ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ክፍት መተላለፊያ ነፋሱን አጥብቦ የሚያፈጥን ቦታ ስለሆነ መጠለያ አይሆንም። ስለዚህ ምድር ቤት የሚኖር ጎረቤት ያስፈልግዎታል። ዛሬ፣ ፀሐይ ሳለ፣ በሩን አንኳኩና “ዋርኒንግ ሲወጣ ከልጆቼ ጋር ወደ መታጠቢያ ቤታችሁ ልምጣ?” ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ስናውቅ ይህን ተጠይቆ እምቢ የሚል ሰው ብርቅ ነው። ከዚያ ከበርዎ ጀምሮ እስከ እነሱ መታጠቢያ ቤት በልጆቹ እርምጃ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይለኩት። ሊፍት ካለም አይጠቀሙ፤ መብራት ሲጠፋ ውስጡ ይቀራሉ።

ለመውረድ ጊዜ ከሌለ፣ ከራሳችሁ ቤት መስኮት የሌለውንና ከውጭ ግድግዳ የራቀውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ቤቱን ወይም የልብስ ቁም ሳጥኑን ምረጡ። ልጆቹ ገንዳ ውስጥ ይንበርከኩ፣ ፍራሽ ከላይ ይደረብ፣ አንገትና ጭንቅላት በእጅ ይሸፈን። በእናንተና በውጭው አየር መካከል ያለው እያንዳንዱ ግድግዳ የሚበረውን ፍርስራሽ ጉልበት ይቀንሳል። መስኮት መክፈት “ግፊቱን ያስተካክላል” የሚባለው ስህተት ነው፤ ነፋሱ ገብቶ ጣራውን ከውስጥ እንዲያነሳ ይረዳዋል።

የከተማው ሳይረን ደግሞ ደጅ ላሉ ሰዎች የተሠራ ነው። ኤር ኮንዲሽነር እየሠራ ቤት ውስጥ ለተኛ ሰው ላይሰማ ይችላል፤ ስላልጮኸ ብቻ ሰላም ነው አይበሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው፣ በመኪናዬ ሰው በማመላለስ ነው የምተዳደረው። በረዶ መኪናዬን ቀጥቅጦ መስታወቱን አረገፈው። ስልኬ ምንም ማስጠንቀቂያ አላሰማም። ኢንሹራንሱም “ሽፋን የለህም” አለኝ። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ስልኩ አልተበላሸም። የከባድ ነጎድጓድ ዋርኒንግ የሚወጣው በረዶው 1 ኢንች ሲሞላ፣ ማለትም የሃያ አምስት ሳንቲሟን ኩዋርተር ሲያክል፣ ወይም ነፋሱ በሰዓት 58 ማይል ሲደርስ ነው። ስልክን በኃይል የሚያስጮኸው መልእክት ግን ከ2021 ኦገስት ጀምሮ የሚላከው “አውዳሚ” ለተባለው ደረጃ ብቻ ነው፤ በረዶው 2.75 ኢንች፣ የቤዝቦል ኳስ ያህል፣ ወይም ነፋሱ 80 ማይል መሆን አለበት። የጎልፍ ኳስ የሚያክል በረዶ 1.75 ኢንች ነው። መኪና የሚያጎደጉደው፣ መስታወት የሚሰብረው በረዶ እንግዲህ ስልኩ ዝም በሚልበት ክልል ውስጥ ይወድቃል። ደራሽ ጎርፍም እንዲሁ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ስልክ ላይ የሚደርሰው ጉዳቱ ከፍ ያለ ይሆናል የተባለው ብቻ ነው። ሌላውን ለመስማት የአየር ሁኔታ ራዲዮ ወይም ማስጠንቀቂያን በሙሉ የሚያሳውቅ አፕ ያስፈልጋል።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ ላያቢሊቲ ብቻ የገዛ ሰው ሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው የተሸፈነው። በረዶን፣ የወደቀን ዛፍና ጎርፍን የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው። መኪናቸው መተዳደሪያቸው የሆነ ሰዎች በወር ጥቂት ዶላር ለማዳን ይህን ሲተዉት ያሳዝነናል፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨርንና አካባቢዋን የመታው በረዶ ያደረሰው ጉዳት በኢንሹራንስ ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ማዕበሉ እየመጣ ሳለ ደውሎ ሽፋን መግዛትም አይታሰብም፤ ብዙ ኩባንያዎች በዚያ ሰዓት አዲስ ሽፋን መሸጥ ያቆማሉ። ሰው ለማመላለስ የሚሠሩበትን ደግሞ ለኩባንያው ይንገሩ፤ ካልተነገረው ክፍያውን ሊከለክል ይችላል።

እየነዱ ከያዘዎት ከመንገዱ ወጥተው ጣራ ያለው ማቆሚያ ይፈልጉ። ከሌለ በረዶው ከፊት እንዲመታ መኪናውን ያዙሩ፤ የፊት መስታወት መሐሉ ላስቲክ ያለው ድርብ ስለሆነ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም፣ የጎንና የኋላው ግን ይበተናል። ሃይዌይ ላይ ድልድይ ሥር አይቁሙ። ከኋላ የሚመጣው አያይዎትም።

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ አዘጋጆች። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት የሚገኝ ቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ አባላት ነን። በፋሲካ ሌሊት ከአራት መቶ በላይ ምእመን ይሰበሰባል። አዳራሹ ቀድሞ መጋዘን ነበር፤ ለተረፈው ሰው ደጅ ላይ ድንኳን እንተክላለን። ሌሊቱን ማዕበል ቢመጣ ምን ማድረግ አለብን?

መልስ፦ ይህን ማሰባችሁ ትልቅ ነገር ነው። ፋሲካችን ሁልጊዜ ከኤፕሪል 4 እስከ ሜይ 8 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ይህም የቶርኔዶ ወቅት እምብርት ነው። በዚያ ላይ ሌሊት ነው፣ ስልክ ሁሉ ድምፁ ተዘግቷል፣ ሰውም ልቡ ቅዳሴው ላይ ነው። ቶርኔዶ በሌሊት እንደሚመጣ የናሽቪል ነዋሪዎች ያውቁታል፤ በ2020 ማርች 3 ከተማቸውን የመታው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር።

በእ.ኤ.አ. 1994 ማርች 27፣ በምዕራባውያን የሆሳዕና እሑድ፣ ፒድሞንት፣ አላባማ አጠገብ ባለች ጎሸን በምትባል ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በአገልግሎት ላይ ሳሉ ቶርኔዶ ጣራውን አፍርሶ 20 ሰው ሞተ። ማስጠንቀቂያው ከዚያ በፊት ወጥቶ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልደረሰም እንጂ።

የአየር ሁኔታ ራዲዮ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርትዝ ባሉ 7 ጣቢያዎች ሌሊትና ቀን ይሰራጫል፣ ስልክ ኔትወርክ ቢወድቅም ይሠራል። ባትሪ የሚይዝና የካውንቲ ኮድ የሚቀበለውን ግዙ። ኮዱ 6 አኃዝ ነው፤ ለምሳሌ የዳላስ ካውንቲ 048113 ሲሆን 0 ሙሉ ካውንቲውን፣ 48 ቴክሳስን፣ 113 ዳላስን ያመለክታል። የራሳችሁን ካውንቲ ብቻ ሳይሆን በስተ ምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያለውንም ጨምሩ፣ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ራዲዮውን መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ በብረት ጣራ ሥር መሐል ላይ ከተቀመጠ አይስብም። በየሳምንቱ፣ ብዙ ጊዜ ረቡዕ፣ የሙከራ ድምፅ አለ፤ ያ ካልተሰማ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ሁለት ሰው መድቡ፤ ከቀዳሾቹና ከዘማሪዎቹ ውጭ የሆኑ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ቅዳሴውን ማን ያቋርጣል የሚለው ነው። ይህን በዚያች ሰዓት ለመወሰን አትሞክሩ። ከአስተዳዳሪው አባት ጋር በጾሙ ወቅት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ዋርኒንግ ሲወጣ ከተመደቡት አንዱ ማንንም ሳያስፈቅድ ማይክ እንዲይዝ ቃላቸውን ይስጡ። የሚነገረው ሦስት ዐረፍተ ነገር በወረቀት ይጻፍ፦ “ቶርኔዶ እየመጣ ነው። ጧፋችሁን አጥፉ። ወደ ተመደበላችሁ ኮሪደር በእርጋታ ሂዱ፣ ወደ መኪና አትውጡ።” ጧፉ ቀድሞ የሚጠፋው በከንቱ አይደለም፤ ነጠላና ብርሃን በጠበበ መተላለፊያ ሲገፋፉ እሳት ይነሳል።

መጋዘን የነበረ አዳራሽ ሰፊ ጣራው በጥቂት ምሰሶ ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ ግድግዳው ሲለቅ ጣራው ይወርዳል። መጠለያው ኮሪደሩ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ መስኮት የሌላቸው የሰንበት ትምህርት ክፍሎች ናቸው። ለቶርኔዶ ለአንድ ሰው 5 ስኩዌር ፊት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላለ 10 ስኩዌር ፊት ይታሰባል። ስለዚህ ወርዱ 6፣ ርዝመቱ 60 ፊት የሆነ ኮሪደር 72 ሰው ይይዛል። ሜትር ይዛችሁ ለኩ። አራት መቶው ሰው የማይገባ ከሆነ ከአሁኑ ማወቅ ይሻላል፤ በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ወይም ጠንካራ ሕንፃ ይጠየቅ፣ ወይም የትንበያ ማዕከሉ ለዚያ ቀን ያወጣው ስጋት ከ5ቱ ደረጃዎች 4 ወይም 5 ከሆነ ሰዓቱ ይሸጋሸግ፣ ሌላ መፍትሔም በአባቶች ይመከርበት።

ድንኳኑን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ባዶ መሆን አለበት። ምሰሶው ብረት ነው፣ ሸራውም ነፋስ ሲይዘው ካስማውን ነቅሎ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ራዲዮው የካውንቲ ስም ይጠራል፣ እኔ ግን የት ካውንቲ እንዳለሁ አላውቅም። ጉዞዬን ከቢሮ የሚመራው ዲስፓቸር ደግሞ “ቀጥል፣ ቀጥል” ይላል። ባዶ ትሬለር ይዤ ነፋስ ሲያንገዳግደኝም ያስፈራኛል።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። 53 ፊት ትሬለር ጎኑ ሰፊ ሸራ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ 80,000 ፓውንድ የሚመዝነው መኪና ባዶውን ግማሹን እንኳ አይደርስም፤ 60 ማይል የሚጠጋ የጎን ነፋስ ሊገለብጠው ይችላል። “ሃይ ዊንድ ዋርኒንግ” የሚባለው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የሚቆይ የ40 ማይል ነፋስ ወይም 58 ማይል የሚደርስ ሽውታ ሲጠበቅ ይወጣል። ባዶ ከሆኑ እዚያ ላይ ይቁሙ፤ ሲቆሙም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያድርጉ።

ካውንቲ ለማወቅ፣ ሃይዌይ ላይ የካውንቲ ወሰን ሲያልፉ ትንሽ ምልክት አለ። ስሙን ሲያዩ ጮክ ብለው ይናገሩት፣ ያለዚያ አይቀመጥም። ማይል ማርከሩንም አብረው ያስተውሉ። ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት የሚያልፉባቸውን ካውንቲዎች በቅደም ተከተል ጽፈው ዳሽቦርዱ ላይ ቢለጥፉ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ በማዕበል መሐል ካርታ መፈለግ አይቻልም። ስልክዎ በኃይል ከጮኸ ግን ስሙን አይፈልጉ፤ ማስጠንቀቂያው የሚላከው በቦታ ስለሆነ እርስዎ ውስጡ ነዎት ማለት ነው።

ትራክ ስቶፕ ሲመሽ ይሞላል፣ ስለዚህ ቀድመው ይግቡ። ቶርኔዶ ዋርኒንግ ሲወጣ የመኪናው አልጋ ላይ አይቅሩ፤ ጫማዎን አድርገው ወደ ሕንፃው፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ትልቁ ማቀዝቀዣ ክፍል ይሂዱ። ድልድይ ሥር መጠለል ገዳይ ነው፤ በ1999 ሜይ 3 ኦክላሆማ ውስጥ ድልድይ ሥር የተጠለሉ ሰዎች ሞተዋል። ነፋሱ በጠባቡ ቦታ ይፈጥናል፣ ፍርስራሹም እዚያ ይሰበሰባል። ሌላ ምንም ከሌለና መኪናው ውስጥ ከቀሩ ቀበቶዎን አስረው ጭንቅላትዎን ከመስኮቱ በታች ያድርጉ።

በጸደይ እርሻ ሲታረስ አቧራ ይነሳል። በ2023 ሜይ 1 ኢሊኖይ ውስጥ ኢንተርስቴት 55 ላይ በአቧራ ምክንያት ከ70 በላይ መኪኖች ተላትመው ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙ ትራኮችም ነበሩበት። የአቧራ ግድግዳ ሲያዩ ከመውጫው ይውጡ። ካልቻሉ ከአስፋልቱ እስከሚቻለው ይራቁ፣ መብራት በሙሉ ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ እግርዎን ከፍሬን ፔዳሉ ያንሱ። መብራት ማጥፋቱ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ግን ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ቀዩን መብራት ሲያይ መንገዱ እዚያ መስሎት ተከትሎ ስለሚገባብዎት ነው።

ስለ ዲስፓቸሩ፦ የፌደራል ሕጉ የአየሩ ሁኔታ አደገኛ ሲሆን ሹፌሩ ጉዞውን እንዲያቆም ያዛል። ሲነሱ ያልታወቀ መጥፎ አየር ካጋጠመዎት ደግሞ ወደ ደኅና ቦታ ለመድረስ እስከ 2 ሰዓት ተጨማሪ መንዳት ይፈቀዳል፤ የመንዳት ሰዓት በሚመዘግበው መሣሪያ፣ በኢ-ኤል-ዲው፣ ላይ ማስታወሻ ይጻፉ። በአደጋ ምክንያት አልነዳም በማለትዎ ከተቀጡ ወይም ከተባረሩ በ180 ቀናት ውስጥ ለፌደራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኦሻ፣ ማመልከት ይችላሉ። የዲስፓቸሩን ትእዛዝ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልእክት እንዲመጣ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቤዝመንት ተከራይቼ እኖራለሁ። ለቶርኔዶ ቤዝመንት ጥሩ ነው ይባላል፤ ለጎርፍ ደግሞ ውጡ ይባላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢመጡስ?

መልስ፦ ይመጣሉ። ያው ማዕበል ሁለቱንም ያመጣል። መጀመሪያ የሚፈጥነውን አደጋ ያምልጡ፦ ቤዝመንቱ ውሃ ካልገባበት ቶርኔዶው እስኪያልፍ ከመስኮት ርቀው እዚያው ይቆዩ፣ ዋርኒንጉ እንዳለፈ ወዲያው ይውጡ። ውሃ መግባት ከጀመረ ግን ቤዝመንቱ መጠለያነቱ አበቃ፤ ባለቤቶቹ ጋ ወደ ምድር ቤቱ መሐለኛ ክፍል ይሂዱ። ለዚህ ደግሞ የውስጥ በሩ ከሁለቱም ወገን የሚከፈት መሆን አለበት፤ ከላይ በቁልፍ የሚዘጋ ከሆነ አሁኑኑ አከራይዎን ያነጋግሩ። በኤል ሬኖው ማዕበል ሌሊት ከቶርኔዶ ለመሸሽ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ውስጥ የገቡ ሰዎች ውሃው ወስዷቸዋል።

በር ላይ የሚቆም ውሃ ቀላል እንዳይመስልዎት። 3 ፊት ወርድ ባለው በር ላይ 2 ፊት ውሃ ከቆመ የሚገፋው ወደ 170 ኪሎ ይጠጋል። ወደ ውጭ የሚከፈት በር አይከፈትም፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተው ደግሞ እንደተለቀቀ ውሃውን ይዞ ይመጣብዎታል። ስለዚህ የመኝታ ክፍልዎ ሁለተኛ መውጫ፣ ሰው የሚያሳልፍ መስኮት ይኑረው፦ ወርዱ ከ20፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች ያላነሰ፣ አጠቃላይ ክፍተቱ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ ደፉ ከወለል ከ44 ኢንች ያልበለጠ። ብረት ታጥሮበት ወይም በቀለም ተጣብቆ ከሆነ መስኮት አይባልም። ውሃ ውስጥ ቆመው የመብራት ማጥፊያውን ሳጥን አይንኩ።

ከውጭ ሳሉም በመኪና ወደ ቤት ለመድረስ አይጣደፉ። 6 ኢንች የሚፈስ ውሃ ሰው ይጥላል፣ 12 ኢንች ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 2 ፊት አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። በሌሊት ከውሃው ሥር አስፋልቱ መኖሩ አይታይም። እዚያው ሜሪላንድ ኤሊኮት ሲቲ በ2016 ጁላይና በ2018 ሜይ ዋናው መንገዷ ወንዝ ሆኖ ነበር።

የተከራይ ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ከተገዛ በኋላ 30 ቀን ይጠብቃል፣ ቤዝመንት ውስጥ ላለ ዕቃም የሚከፍለው በጣም ውስን ነው። ፓስፖርቱን፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቱንና የትምህርት ማስረጃውን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ማዕበል መብራት ሲያጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን ቡና ብናፈላ ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ይገድላል። የአገር ቤት ቤት አየር ያሳልፋል፤ የአሜሪካ ቤት ግን ሙቀት እንዳይወጣ ተደፍኖ የተሠራ ነው። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው የሚመጣው። ፍሙ ማጨሱን ካቆመ በኋላም ጋዙ አይቆምም። መስኮት መክፈት አይበቃም፣ ጋራዥም እንደ ቤት ነው። ጀነሬተር ካላችሁ ከቤቱ ቢያንስ 20 ፊት ይራቅ፣ ጭሱ ወደ መስኮት አይዙር። በባትሪ የሚሠራ መመርመሪያ በየመኝታ ክፍሉ አጠገብ ይኑር። ከጮኸ ሁላችሁም ውጡ፣ ከደጅ ሆናችሁ 911 ደውሉ።

ጥያቄ፦ ከደቡብ ወሎ ነው የምጽፈው። በበልግ መብረቅ ከብትና እረኛ ይፈጅብናል። ዛፍ ሥር መጠለል እንደማይገባ እንሰማለን፣ ግን ሜዳ ላይ የት እንግባ? የተመታውንስ ሰው መንካት ይቻላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። ይቻላል፣ የግድም ነው። መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ልብና ትንፋሽ ስለሚቆም ነው፤ ልቡ በራሱ ሊነሳ ይችላል፣ ትንፋሹ ግን ዘግይቶ ስለሚመለስ ያለ እርዳታ ይሞታል። ብዙ ሰው ከተመታ የሚጮኸውንና የሚያቃስተውን ለጊዜው ተዉት፣ እሱ ይተነፍሳል። ዝም ያለው ጋ ሂዱ። በጀርባው አስተኙት፣ ሁለት መዳፍ ደራርባችሁ የደረቱን መሐል ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። የሚያውቅ ካለ በየ30ው ሁለት ጊዜ አፍ ለአፍ ይተንፍስለት። ሲደክማችሁ ተተካኩ። መብረቁ ገና ከቀጠለ መጀመሪያ ከጉብታው አውርዱት።

ስለ መጠለያው፦ ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ድምፁ ከተሰማ ግን ርቀቱ ምንም ይሁን ምን መብረቁ ሊደርስባችሁ ስለሚችል እረኛው ከብቱን ከሸንተረሩ ማውረድ ያለበት ያኔ ነው። የበልግ ነጎድጓድ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ከፍ ወዳለው ግጦሽ በጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ይረዳል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱ።

በሩ የተዘጋ መኪና ወይም አውቶቡስ ጥሩ መጠለያ ነው፤ ብረቱ ኤሌክትሪኩን በውጭ አሳልፎ ወደ መሬት ይልከዋል። ሳር ቤት ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። ቆርቆሮ ቤትም ጣራው በወፍራም ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ካልተያያዘ አስተማማኝ አይደለም፤ ምንም ሌላ ከሌለ ግን ከደጅ ይሻላል፣ ግድግዳና ምሰሶ ሳይደገፉ መሐል ላይ እግርን ገጥሞ መቀመጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን የብረት ጉልላትም እንዲሁ ነው፤ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ መብረቁ በግድግዳው በኩል ወደተደገፈው ሰው ሊዘል ይችላል። ደብሩ ይህን ሽቦ እንዲያሠራ ሕዝቡ ቢመክርበት ለልጆቹ ሕይወት ነው።

ሜዳ ላይ ከተያዛችሁ ከሸንተረር ውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከከብቱ ራቁ፣ ዶማና ማጭድ አስቀምጡ። እረኞቹ አንድ ላይ አይሰብሰቡ፤ በመካከላቸው ብዙ እርምጃ ይተዉ፣ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲረዳው። ከብት በአንድ ምት ብዙ የሚሞተው ኤሌክትሪኩ በመሬት ሲሮጥ በፊት እግር ገብቶ በኋላ እግር ስለሚወጣ፣ መሐል ያለውንም ልብ ስለሚያገኝ ነው። ሰውም እግሩን ከፍቶ ሲቆም ወይም ሲተኛ ያው ይደርስበታል፤ ስለዚህ እግር ተገጥሞ ቁጢጥ ይባላል። ይህ አማራጭ ሲጠፋ እንጂ መጠለያ አይደለም።

የተረፈ ሰው ቆሞ ቢሄድ እንኳ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የልብ ምቱ ሊዛባ፣ የጆሮ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል፤ መውጫው ላይ ያለው ቃጠሎም ብዙ ጊዜ እግሩ ሥር ስለሚሆን ጫማውን አውልቃችሁ እዩ።